የታዘዘልኝ ዱቄት ወተት አለበት፤ ሁዳዴን እንዴት ልጹም?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ለንደን ነው። ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ዓይነት ሁለት የሚባለው ነው፤ ኪኒን እወስዳለሁ። አሁን ሐኪሜ ለ12 ሳምንት በቀን 800 ካሎሪ ገደማ ብቻ የሚወሰድበት ፕሮግራም ውስጥ ሊያስገባኝ ነው። ምግብ ይቀርና በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄትና ሾርባ ብቻ ነው የሚወሰደው፤ ዱቄቱ ግን ወተት አለበት። የሚጀመረው ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። አንዲት የማኅበራችን እኅት «ምን አስጨነቀሽ? ኪኒኑንም ዱቄቱንም ተዪና ሁዳዴን በቆሎና በውኃ ጹሚ፤ ያው 800 ካሎሪ ነው፤ እግዚአብሔር ያድንሻል» አለችኝ። ምን ላድርግ? ዱቄቱን ብወስድ ጾም ሻርሽ እባላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ከወተቱ አልጀምርም፤ የወተቱ ነገር መፍትሔ አለው። እኔን ያስፈራኝ የእኅትሽ ምክር ነው። በክፋት እንዳልተናገረችው አውቃለሁ። ግን ይህን ምክር በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እሰማዋለሁ። ኪኒኑን ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጦ «ለፋሲካ እመለስበታለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። መድኃኒት መዋጥ እምነት ማነስ የሚመስለውም ብዙ ነው።

በጾመ ድጓ «ጾም ቁስለ ነፍስን ትፈውሳለች» እያልን እንዘምራለን። የነፍስን ቁስል ነው እኅቴ። ቆሽትሽን ትፈውሳለች የሚል የለበትም። እግዚአብሔር ሊፈውስሽ ከወደደ ኪኒን መዋጥሽ እጁን አይዘውም። ጌታችን ራሱ «ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም» ሲል (ማቴ. 9፥12) የሐኪምን ሥራ አልናቀም። ሲራክ ደግሞ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚወሰዱ በግልጽ አስተምረዋል። ለዚያ ሕመም የተባለው ለስኳር አይሠራም የሚል ካለ እስቲ ምክንያቱን ይንገረኝ።

መድኃኒቱን ሳያቆም ምግቡን ብቻ የሚያቆምም አለ። ይሄኛው ደግሞ በሌላ በኩል ያስደነግጣል። እንደ ግሊክላዛይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሆዱን ባዶ አድርጎ ሲውል ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል። ቅዳሴ መሐል እንዲህ ሆኖ ሲወድቅ ዙሪያው ያለው ሰው «መንፈስ ነው» ብሎ ጸበል ይረጨዋል። ሰውየው ግን የሚያስፈልገው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ጭማቂ ነው፤ ራሱን ከሳተ ደግሞ ምንም በአፉ ሳይሰጡ ቶሎ አምቡላንስ መጥራት ነው።

«የጾም ምግብ ስኳር ያወርዳል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የሚቀርበውን ሰሐን ተመልከቺው እስቲ። እንጀራው፣ ከላዩ ሽሮው፣ ከጎኑ ሩዝ፣ ድንች በካሮት፣ ዳቦ፣ ከዚያ ለስላሳ። ሥጋም ወተትም የለበትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ይህን በአንዴ የሚያወርድ የስኳር ታማሚ ጾመ እንጂ ስኳሩ አልጾመም።

እኅትሽ ዳንኤልንም ሳትጠቅስልሽ አትቀርም፤ ሁሉም ይጠቅሰዋል። ዳንኤል አትክልትና ውኃ የመረጠው በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ ነው፤ ከበሽታ ለመዳን አልነበረም። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አልጀመረም። የተሾመባቸውን ሰው «አሥር ቀን ፈትነን፣ ከዚያ ፊታችንን እይ» አለው። የሚያየው፣ የሚፈትነው ሰው ነበረው ማለት ነው።

የሐኪምሽ ፕሮግራም ከእኅትሽ ምክር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም «800 ካሎሪ» ይላሉ። የሐኪምሽ ግን በጥናት የታየ ነው። እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ሮይ ቴይለርና ማይክ ሊን የተባሉ ሐኪሞች የመሩት ጥናት በ2017 መጨረሻ ውጤቱ ወጥቷል። ሰዎቹ ለጥቂት ወራት በቀን 825 እስከ 853 ካሎሪ በዱቄትና በሾርባ ብቻ ቆዩ፤ ከዚያ ምግብ ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው። ከዓመት በኋላ ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ያለ ስኳር መድኃኒት የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ከሕመሙ ልክ በታች ወርዶ ተገኘ። በጉበትና በቆሽት የተከማቸው ስብ ሲቀልጥ ቆሽት ሥራውን ይጀምራል ነው የሚሉት። ግን ልብ በዪ፤ በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ቀንሶ ከመቶ ሰው 36ቱ ብቻ ሆነዋል፤ ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳል። ደግሞ የተመረጡት ሕመሙ ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ነበሩ። የስኳርና የግፊት ኪኒናቸውን ያቆሙት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያስቆማቸው ግን ሐኪም ነው፤ ደማቸውን እየለካ፣ ግፊታቸውን እያየ። እናም አንቺ ኪኒን የምታቆሚው እሱ አቁሚ ሲልሽ ነው። በቆሎና በውኃ ይህን አስመስዬ እሠራለሁ ማለት ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ቫይታሚን ተለክቶ የተዘጋጀውን ነገር በግምት መተካት ነው። አታድርጊው። ይህን በምክር ሳይሆን በትእዛዝ ነው የምነግርሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዱቄቱን መውሰድሽ ጾም መሻር አይደለም። በሐዋርያት ቀኖናም ዐቢይ ጾምን የማይጾም ሲወገዝ የሥጋ ድካም ያለበት ግን ተለይቷል። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር በሽተኛን ከጤነኛ ለይቶ ያያል። ይሁንና ራስሽን በራስሽ አትፍቺ፤ ለዚህ የንስሐ አባት አለሽ።

ሌላም ነገር አለ። ሐኪምሽን «ከፋሲካ በኋላ ብጀምር ይጎዳኛል?» ብለሽ ጠይቂው። አይጎዳሽም ካለ ሁዳዴን በኪኒንሽና በተመጠነ ምግብ ጹሚ፤ የኪኒኑን ሰዓትና መጠን እሱ ያስተካክልልሻል። ካለ ወተት የሚዘጋጅም እንዳለ ጠይቂ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ 12 ሳምንት ግን 84 ቀን ነው፤ ስለዚህ ሳትጨርሺው ጾመ ሐዋርያት ይገባብሻል። የንስሐ አባትሽ ቃል በሁለቱም መንገድ ያስፈልግሻል። በነገራችን ላይ፣ ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ ሲያወጣ አንቺ ዱቄት መበጥበጥሽ ከሁዳዴው ሳይብስ አይቀርም!

አትጠብቂ ካለሽ ደግሞ ጀምሪ። ያን ጊዜ ግን 800 ካሎሪውን «ጾሜ» ብለሽ አትቁጠሪው። ኃጢአትም አይደለም፣ ጾምም አይደለም፤ ሕክምና ነው። በየሰኞው ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎ በመቁጠር ሁዳዴን የሚጨርስ ጤነኛም አለ፤ እሱ ላይ የማዝነው ካንቺ ይልቅ ነው። ኢሳይያስ 58ን ክፈቺና አንብቢ፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እዚያ ተጽፏል፤ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ የተገፋን ነጻ ማውጣት። አንቺ አሁን ለምግብ የምታወጪው ገንዘብ ይቀንሳል አይደል? ልዩነቱን ለተቸገረ ስጪው። የተጣላሽውን ሰው ደውለሽ ታረቂ። ጸሎትሽን አታስታጉዪ። ስግደት ግን እንደ አቅምሽ ነው፤ በዚያ ምግብ ላይ ደጋግመሽ ስትወድቂና ስትነሺ ራስሽን ሊያዞርሽ ይችላል፤ ቁመሽ ጸልዪ፣ ከደከመሽም ተቀመጪ።

አዳራሽ ውስጥ ጠርሙስሽን ይዘሽ ሲያዩሽ የሚያንሾካሹኩ አይጠፉም። ማስረዳት አይጠበቅብሽም። «የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» ያለው ሐዋርያ (ሮሜ 14፥3) መልሶላቸዋል። አንቺም ቆሎ በምትቆረጥመው እኅትሽ አትፍረጂባት፤ እሷም ስኳር ካለባት ግን እባክሽ ይህን አንብቢላት።

ለሐኪም ቀጠሮሽ የምትወስጂውን ኪኒን ሁሉ፣ የግፊቱንም ጨምረሽ፣ ጽፈሽ ሂጂ። የዓመቱን የአጽዋማት ካሌንደርም ይዘሽለት ሂጂ፤ እሱ ሁዳዴ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ አያውቅም። ለንስሐ አባትሽ ግን ከቀጠሮው በፊት ደውዪላቸው።