ዲስኩን አሰፋሁት፤ ኡቡንቱ ግን «ቦታ የለኝም» ይለኛል

የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ስለይ አብዛኞቹ ስለ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ስለሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር፣ ሆነው አገኘኋቸው። ደግሞ ሁሉም አንድ አመል አላቸው። የስህተቱን የመጨረሻ መስመር ይገለብጡና «ሶፍትዌሩ አልጫን አለኝ» ብለው ይልኩልኛል። እኔ ታዲያ መልሼ እጠይቃለሁ፦ አልጫን ያለው የትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው? ኮምፒውተሮቹ እኮ ሁለት ናቸው። ባለሙያዎች ሆስትና ገስት ይሏቸዋል፤ እኔ ባለቤትና እንግዳ እላቸዋለሁ። እንግዳው ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነኝ ብሎ ያምናል። የሚያየው ግን ባለቤቱ ያሳየውን ዲስክ፣ ያበደረውን ራምና የነገረውን ሰዓት ብቻ ነው። ስህተቱን የሚናገረው እንግዳው ይሁን እንጂ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከእሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ተማሪ ነኝ። ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፔ ላይ በቨርቹዋልቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን መፍጠሪያ ሶፍትዌር) ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ጭኛለሁ። ዲስኩን 20 ጊጋባይት ነበር የሰጠሁት። ለትምህርት የሚያስፈልገኝን ሶፍትዌር ስጭን መሃል ላይ ‹ዲስኩ ላይ ቦታ የለም› ብሎ ይቆማል። ከቨርቹዋልቦክስ ገብቼ ዲስኩን 50 ጊጋባይት አደረግኩት። ያው ነው። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ እንደገና አወረድኩት፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? አሁን ሁሉንም አጥፍቼ ከዜሮ ልጀምር ነው።»

እንዳታጠፊው! የሠራሽው ስህተት የለም፤ መንገዱን አጋምሰሽ ነው የቆምሽው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሦስት ጊዜ የተቀጣው ሶፍትዌር እዚህ ነገር ውስጥ እጁ የለበትም።

ዲስክ ስንል ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው። ከሥር ዲስኩ ራሱ አለ። ከዲስኩ ላይ ተቆርጦ የተከለለ ክፍል አለ፤ ፓርቲሽን የሚሉት ነው። በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ፋይሎቹ የሚደረደሩበት ፋይል ሲስተም አለ። አንቺ ከውጭ ሆነሽ ያሰፋሽው የታችኛውን ብቻ ነው። ግቢው ሰፋ፤ የቤቱ ግድግዳ ግን የድሮ ቦታው ላይ ቆሟል። ያ 30 ጊጋባይት አለ፤ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብሻል።

በዓይንሽ እዪው። ተርሚናሉን ክፈቺና ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ አያይዘሽ ጻፊ። ኢንተር ስትጪ ዛፍ የመሰለ ዝርዝር ይመጣል። ኤስዲኤ የሚለው መስመር ዲስኩ ነው፤ 50 ጊጋ ይልሻል። ከሥሩ እንደ ቅርንጫፍ የተንጠለጠሉት ክፍሎቹ ናቸው፤ እነሱን ደምሪያቸው። 20 ገደማ ነው የሚመጣው። ቀጥለሽ ዲኤፍ ብለሽ፣ ክፍተት ሰጥተሽ፣ ሰረዝና ኤች ጻፊ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የቆመች አንድ ዘንባላ መስመር ያለችበትን ረድፍ ፈልጊ። እሷ የኡቡንቱሽ ዋና ማደሪያ ናት፤ 100 በመቶ እንደሞላች ታያለሽ። ዲስኩ 50 ይላል፣ ማደሪያዋ 20 ትላለች። ሶፍትዌሩ የሚያምነው ሁለተኛዋን ነው።

ልታሰፊው ስትነሺ መጀመሪያ የትምህርትሽን ፋይሎች ወደ ላፕቶፑ አውጪ። ከዚያ ስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ የኋላ መመለሻ፣ አንስተሽ እንደሆነ እዪ። ስናፕሾት ካለ ነገሩ ይጣመማል። ቨርቹዋልቦክስ ከስናፕሾቱ ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ ሌላ ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው። ዋናውን ስታሰፊው ያ ፋይል የድሮ መጠኑን እንደያዘ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ኤስዲኤም ራሱ 50 አይልሽም። ስናፕሾቱን ማጥፋት አለብሽ። አትደንግጪ፤ ስናፕሾት ማጥፋት ማለት ዛሬ ያለሽበትን መደምሰስ አይደለም። የኋላ መመለሻውን ብቻ ነው የምታጪው፤ ለውጦቹ ከዋናው ጋር ይዋሃዳሉ። ውህደቱ ግን ላፕቶፑ ላይ ነፃ ቦታ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ጂፓርትድ የሚባለውን ነፃ የዲስክ መከፋፈያ መሣሪያ፣ ማሽን የሚነሳበትን ምስል ፋይሉን አውርጂ። በቨርቹዋል ማሽኑ ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ አስገቢውና በእሱ አስነሺ። ኡቡንቱ ውስጥ ሆኖም መሥራት ይቻላል፤ እኔ ግን ዲስኩ ጢም ባለ ማሽን ውስጥ ሆኜ ዲስክ መነካካት አልወድም። እንዲህ የሞላ ኡቡንቱ አንዳንዴ ዴስክቶፑ ድረስ እንኳ አያስገባም። ጂፓርትድ ዲስኩን እንደ ረጅም አግዳሚ ሣጥን ይስለዋል። በስተቀኝ ግራጫ ባዶ ቦታ ታያለሽ፤ ያ የጠፋው 30 ጊጋሽ ነው። ዋናውን ክፍል መርጠሽ የቀኝ ጠርዙን እስከ መጨረሻው ጎትቺው። ስዋፕ የሚባል ትንሽ ክፍል መሃል ላይ ከተጋረጠ መጀመሪያ እሱን ወደ ዲስኩ መጨረሻ ግፊው። ካልሆነ ዋናው ክፍል መሄጃ የለውም። ከላይ ያለችውን የራይት ምልክት እስክትጫኚ ድረስ ምንም አልተነካም፤ ስለዚህ ተረጋግተሽ እዪው። ጂፓርትድ ክፍሉን ሲያሰፋ ፋይል ሲስተሙንም አብሮ ይለጥጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቨርቹዋልቦክስ 50 ጊጋ ሲልሽ ቃል መግባቱ ነው። ዳይናሚክ የሚባለው ዲስክ ላፕቶፑ ላይ የሚይዘው የተጻፈበትን ያህል ብቻ ነው፤ እየተጠቀምሽ በሄድሽ ቁጥር ያድጋል። ላፕቶፕሽ ላይ የቀረሽ 12 ጊጋ ብቻ ከሆነ ቃሉ ባዶ ነው። ዊንዶውሱ የሞላ ዕለት ቨርቹዋልቦክስ ማሽኑን ባለበት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። እንግዳው ውስጥ ፋይል ብታጠፊም የላፕቶፑ ፋይል በራሱ አያንስም። ያ ግን የሌላ ቀን ጣጣ ነው።

የጫንሽው ዴስክቶፑን ሳይሆን የሰርቨሩን ኡቡንቱ ከሆነ ንገሪኝ። እሱ ኤልቪኤም በሚባል አሠራር ሲጫን በዚህ መጠን ካለ ዲስክ ግማሽ ገደማውን ብቻ ወስዶ ሌላውን ሳይነካ ይተወዋል። መፍትሔውም ይለያል።

ጥያቄ፦ «ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሊኑክስ መማር ጀምሬ ነበር። መሃል ላይ ታመምኩና ተውኩት። ቨርቹዋል ማሽኑን አላጠፋሁትም፤ ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ እንዲዘጋ ነው ያዘዝኩት። አሁን ስከፍተው ሁሉም እንደነበረ ነው። ሶፍትዌር መጫን ግን እምቢ አለ። አፕት አፕዴት ስል ‹የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም፤ ለተጨማሪ 41 ቀናት አይጸናም› ይላል። ብሮውዘሩም የማውቃቸውን ድረ ገጾች አስተማማኝ አይደሉም ይለኛል። ኢንተርኔቱ ይሠራል። ቫይረስ ይሆን?»

እንኳን ማረዎት። ቫይረስ አይደለም። መልሱን ራስዎ ጽፈውልኛል፤ 41 ቀን የምትለዋ ናት። እርስዎ ሲታመሙ ማሽኑ ተኛ። ሲቀሰቅሱት ዛሬ የተኛሁበት ቀን ነው ብሎ ነው የነቃው። አፕት የኡቡንቱ ሶፍትዌር ጫኝ ነው፤ እሱ የሚያወርደው የሶፍትዌር ዝርዝር ላይ የወጣበት ቀን ተጽፎበታል። ማሽንዎ ያንን ቀን ያይና «ይህ ገና ያልመጣ ቀን ነው፣ አልቀበልም» ይላል። ከመጠንቀቁ የተነሳ ነው፤ አይፍረዱበት። የድረ ገጾቹም ነገር ያው ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት የደህንነት ሰርተፊኬት 90 ቀን ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። እርስዎ ተኝተው ሳሉ የታደሰው ለማሽንዎ የነገ ሰርተፊኬት ነው።

በዚህ ነገር አንድ ሌሊት አሳልፌያለሁ፤ ስለዚህ አልስቅብዎትም። አንድ ፕሮግራም ልሞክር ብዬ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ስናፕሾት አነሳሁ። ማታ ሙከራው ተበላሸና ወደ ስናፕሾቱ ተመለስኩ። አፕት ያንኑ የእርስዎን መልእክት ሰጠኝ። የሶፍትዌር ምንጩን ቀየርኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። አንድ ነገር ባበላሸሁ ቁጥር ደግሞ ንጹሕ ልጀምር ብዬ ወደ ስናፕሾቱ እመለሳለሁ። ሊነጋ ሲል ዓይኔ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ላይ አረፈ። ማሽኑ ገና ከሰዓት በኋላ ነው ይላል፤ በመስኮቴ ወፎች መንጫጫት ጀምረዋል። በተመለስኩ ቁጥር ሰዓቱንም አብሬ ስመልሰው ነው ያደርኩት። መድኃኒት ብዬ የወሰድኩት በሽታውን ራሱን ነበር።

እርስዎ ማሽኑን አሁን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ሁኔታውን አስቀምጥ የሚለውን ሳይሆን፣ አጥፋ የሚለውን። ሲያበሩት ሰዓቱን ከባለቤቱ ኮምፒውተር ይወስዳል። የባለቤቱ ሰዓት ትክክል መሆኑን ግን አስቀድመው ይዩ። ለወደፊቱ ገስት አዲሽንስ የሚባለውን የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ይጫኑ። ማሽኑ ከእንቅልፉ ሲነቃ ሰዓቱን እያየ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ሲጭኑት የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሄደር ፋይሎች የሉም ካለዎት አሁን እያሄዱት ላለው ከርነል የተዘጋጀውን ሄደር፣ ጂሲሲና ሜክ ከሚባሉት የፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያዎች ጋር ይጫኑና ይድገሙት። ተጨማሪው እዚያው ማሽኑ ላይ የሚገነባ ሞጁል ስላለው ነው።

ኢንተርኔት ላይ «የቀን ፍተሻውን አጥፋው» የሚል ምክር ያገኛሉ። አይስሙት። ሰዓት የተሳሳተን ማሽን ዓይኑን መሸፈን ነው።

ጥያቄ፦ «ፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር የሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሞንጎዲቢ የተባለውን የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ጫንኩ። ያለ አንዳች ስህተት ተጫነ። ላስነሳው ስል ግን ‹ኢሊጋል ኢንስትራክሽን› ብሎ ወዲያው ይሞታል። ያው ሶፍትዌር ያለ ቨርቹዋል ማሽን፣ ያው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። አብደናል ወይ?»

አላበድክም። ሞንጎዲቢ ከ5.0 ጀምሮ፣ በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ኤቪኤክስ የሚባለውን የፕሮሰሰር ችሎታ ይፈልጋል። ኮምፒውተርህ አለው። እንግዳው ግን እንዳለው አልተነገረውም። ፕሮክስሞክስ ሳትነካው የሚሰጥህ የፕሮሰሰር ዓይነት ለብዙ ማሽን እንዲስማማ ተብሎ የተቀነሰ ነው። ከማሽኑ ሃርድዌር ገጽ ግባ፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት «ሆስት» አድርገው፣ አጥፍተህ አብራው። ሪስታርት ከውስጥ ማድረግ አይበቃም። ማሽኑን ፕሮሰሰራቸው ወደሚለያይ ሰርቨሮች ሳይጠፋ የምታዘዋውር ከሆነ ግን «ሆስት» ያጣላሃል፤ ያኔ ኤቪኤክስ ያለውንና ሁሉም የሚጋሩትን ዓይነት ምረጥ።

ደግሞ ላንተ ትልቅ ምስጋና አለኝ። «ያለ ቨርቹዋል ማሽን ይሠራል» የምትለዋን ስላልረሳህ መልሱን በ2 ደቂቃ ነው ያገኘሁት።

ጥያቄ፦ «ሊኑክስ ጭኜ ጨረስኩ። ሪስታርት አድርግ ሲለኝ አደረግኩ። እንደገና ‹ቋንቋ ይምረጡ› ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አራት ጊዜ ጫንኩት!»

አራቱንም ጊዜ በደንብ ተጭኗል። የመጫኛው ምስል ፋይል ቨርቹዋል ሲዲው ውስጥ እንደተሰካ ቀርቶ ማሽኑ በሲዲው እየተነሳ ነው። አውጣው። እኔ ይህ የገባኝ በሁለተኛው ነበር፤ በዚህ በሁለት እበልጥሃለሁ።