የአክሱም ሐውልቶችና ከሥራቸው ያሉት መቃብሮች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ቀደምት ሥልጣኔዎች የመቃብር ሐውልቶች ጥያቄ እንድትልኩልን ጋብዘን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት አክሱምን የሚመለከቱ ስለሆኑ ይህን ዓምድ ለአክሱም ብቻ ሰጥተነዋል። የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ «ትልቁን ሐውልት የጣለችው ዮዲት ጉዲት ናት» ይሉ ነበር። እውነት ነው? ወይስ ከመጀመሪያውም አልቆመም? (ከደሴ)

አባትዎ የነገሩዎት በአገሩ የቆየ ትውፊት ነው። ድንጋዩ ራሱ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ሐውልቱ ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ነው። ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ ሳይጠረብ የተተወው እግሩ ግን 3 ሜትር አይሞላም። አጥር የሚያጥር ሰው እንኳ የ3 ሜትር አጣና ሲተክል ከግማሽ ሜትር በላይ ይቀብራል። እዚህ ግን መሬት የያዘው ከአሥራ አንድ እጅ አንዱን እንኳ አይሆንም። እንዲህ ያለ ድንጋይ በትንሹ ካዘነበለ ክብደቱ ራሱ ይጎትተዋል፤ ጉድጓዱን የሞላው ድንጋይና አፈርም ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ አብዛኞቹ አርኪዎሎጂስቶች የወደቀው ሲያቆሙት ወይም እንደቆመ ብዙ ሳይቆይ ነው ይላሉ።

አወዳደቁንም ቦታው ላይ ማየት ይቻላል። ጫፉ ያረፈው ነፋስ ማውጫ የሚባለው መቃብር ላይ ነው። የዚያ መቃብር ክዳን አንድ ወጥ ድንጋይ ሲሆን ርዝመቱ 17 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ ወደ 360 ቶን ይገመታል። በምቱ ክዳኑን የተሸከሙት ድንጋዮች ተናዱ፤ የሐውልቱም የላይኛው ክፍል ተሰባበረ። ከታች በኩል ያለው ወገን ግን ትልልቅ ቁራጭ ሆኖ እንደወደቀ ተኝቷል። አክሱም ሲሄዱ ከእግሩ ጀምረው ወደ ጫፉ ይራመዱ፤ የጉዳቱ ልዩነት በግልጽ ይታይዎታል።

ጥያቄ፦ ያለ ማሽን እንዴት ጠርበው፣ እንዴት አመጡት? (ከሐዋሳ)

ድንጋዩ የወጣው ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው የጎቦድራ ኮረብታ ነው። ዓይነቱ ኔፍሊን ሳይናይት ይባላል፤ ግራጫና እጅግ ጠንካራ ነው። ጠራቢዎቹ ሊሰነጥቁት በፈለጉት መስመር ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎችን በተርታ ይፈለፍሉና በየቀዳዳው ሽብልቅ ይከታሉ። ሽብልቆቹ እኩል ሲጫኑት ድንጋዩ በመስመሩ ላይ ይሰነጠቃል። አንዱ ቀዳዳ ከሌላው ከጠለቀ ወይም ድንጋዩ ውስጡ ስንጥቅ ካለበት ግን መስመሩን ስቶ ይሄዳል፤ የወራት ድካም ባዶ ይቀራል። የቀዳዳዎቹ ተርታ እስከ ዛሬ ኮረብታው ላይ አለ። ለኛ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ የሥራውን ክብደት የሚናገረው ይህ ተርታ ነው።

ለማጓጓዝና ለማቆም የሚታሰበው መንገድ ይህ ነው፦ ድንጋዩን በግንድ ላይ እያንከባለሉ በገመድ መሳብ፣ የእግሩን ጫፍ አንድ ጎኑ ተዳፋት ወደሆነ ጉድጓድ አፍ ማድረስ፣ ከጀርባው አፈር እየደለደሉ ራሱን ከፍ ማድረግ፣ በመጨረሻም በገመድና በመፈንቀያ አቅንቶ ጉድጓዱን በድንጋይ መጠቅጠቅ። አደገኛው ሰዓት የመጨረሻው ነው። ከፊት የሚስበው ኃይል ከኋላ ከሚይዘው ከበለጠ ሐውልቱ ቀጥ ማለቱን አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በር አለው፣ መስኮት አለው፤ ውስጡ ግን ድፍን ነው። ታዲያ ሬሳው የት ነበር? (ከአዲስ አበባ)

ከመሬት በታች። ሐውልቱ ምልክት ነው፤ መቃብሩ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ተቆፍሮ የተሠራ ነው። ጎብኚ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ፎቶ አንስቶ መሄዱ ያሳዝነናል፤ ግማሹን ሳያይ ነው የሚመለሰው።

በትልቁ ሐውልት ጎን ያለው ታላቅ መቃብር አንድ መተላለፊያ ሲኖረው ግራና ቀኙ አምስት አምስት፣ በድምሩ 10 ክፍሎች አሉት። ወደ ሌላው፣ የሸክላ ጡብ ቅስቶች ወዳሉበት መቃብር፣ በደረጃ ይወረዳል። ቅስቶቹ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አላቸው። ይህን መቃብር ሌቦች በጥንት ዘመን ቢገቡበትም የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ፣ ብርጭቆ፣ ብረታ ብረትና የሸክላ ዕቃ ተገኝቶበታል። ከሟቹ ጋር ሀብቱ ይቀበር እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

የሐውልቱ ቅርጽ የቤት ነው። ከታች ያለው በር እጀታው ሳይቀር ተቀርጿል። በየፎቁ መካከል የሚታዩት ክብ ጉብታዎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ፤ በእውነተኛው የአክሱም ቤት ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት የእንጨት ጫፎች አምሳል ናቸው። በዚህ አቆጣጠር የወደቀው ሐውልት 13 ፎቅ ነው። የሟቹን ስም የሚነግር ጽሑፍ ግን ከትልልቆቹ በአንዳቸውም ላይ የለም። ስለዚህ «የእገሌ ንጉሥ ሐውልት» የሚባለው ልማድ ነው። አሁን ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው መጠራ ያለው ትንሽ ሐውልት በዚህ ይለያል፦ አጋዝ የተባለ ሰው ለአባቶቹ እንዳቆመው የሚናገር የግእዝ ጽሑፍ አለበት።

ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ትልልቅ ሐውልት ማቆም ቀረ። የካሌብና የገብረ መስቀል የሚባሉት፣ በ6ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት መቃብሮች ሐውልት የላቸውም።

ጥያቄ፦ ሮም የነበረው ሐውልት ሲመለስ ለምን ተቆራረጠ? (ከሮም)

ጣሊያኖች በ1937 ሲወስዱትም አክሱም ውስጥ ወድቆ ተሰባብሮ የነበረ ነው፤ ሮም ላይ ገጣጥመው አቆሙት። 24 ሜትር የሚረዝምና ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ በአንድ ጊዜ የሚጭን አውሮፕላን የለም። በ2003 ለሦስት ተከፍሎ ተነቀለ፤ በሚያዝያ 2005 ክፍሎቹ ተራ በተራ በአንቶኖቭ ወደ አክሱም በረሩ፤ በ2008 ተተከለ።

ሲሄዱ አንድ ነገር ይመልከቱ። በሐውልት እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ካለ ጎንበስ ብለው ይዩት፤ እንደ ሳህን የተፈለፈሉ ጎድጓዶች አሉበት። ለሟቹ የሚቀርበው መሥዋዕት የሚደረገው እዚያ ላይ ነበር።