«ፊልድ ልውጣ ወይስ ቢሮ ልቀመጥ?» ላለችኝ ልጅ

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። በጂአይኤስ፣ በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና የቦታ መረጃ ማደራጀት በሚባለው ትምህርት ተመርቃለች። ሥራም አግኝታለች፤ ግን ሥራው ፊልድ ይበዛዋል። ገጠር ወር ሙሉ መክረም አለ። እናቷ አልወደደችውም። «እትዬ፣ ልሂድ ወይስ ቢሮ የሚያስቀምጠኝ ሥራ ልፈልግ?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

እኔ ጡረታ የወጣሁት ከካርታ ሥራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ካርታ ስነድፍ ኖሬያለሁ። ስልካችሁ ላይ የምታዩትን ዓይነት አይደለም። 1 ለ50,000 የሚባለውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 500 ሜትር። ከአውሮፕላን ፎቶ ይነሣል። ከፎቶው ኮንቱር ይወጣል፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል የ20 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። እኛ ያን መስመር ፕላስቲክ ላይ በመርፌ እየቧጨርን እናወጣዋለን። መስመሮቹ ከተራራቁ ሜዳ ነው፤ ከተጠጋጉ አቀበት፤ ሊነካኩ ከደረሱ ገደል። ሥራዬን እወደው ነበር።

ፎቶ ግን ስም አይናገርም። ወንዙ ማን ይባላል? ጉብታውስ? ቤተ ክርስቲያኑ ማርያም ነው ጊዮርጊስ? ይህን ለማወቅ አንድ ቡድን ፎቶውን ይዞ አገር ቤት ይወርዳል፤ ሰው ይጠይቃል፤ ጽፎ ይመለሳል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ቡድን ሰሜን ሸዋ ወደሚገኘው ጀማ ሸለቆ ሊወጣ ተዘጋጀ። የዚያን አካባቢ ካርታ የምነድፈው እኔ ነበርኩ። ጀማ እስከ አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወርድ ገደል አለው። በእኛ ካርታ ይህ ሃምሳ መስመር ማለት ነው፤ ሃምሳውም የአንድ ጣት ስፋት በማይሞላ ቦታ ላይ። ዓይኔ እስኪያለቅስ ነው የሠራሁት። የቡድኑ መሪ «ነድፋችሁታል፣ ኑና እዩት» አለን። «ሁለት ሴት ከሆናችሁ የራሳችሁ ድንኳን ይሰጣችኋል» አለ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ እኔና ጓደኛዬ።

ጓደኛዬ በዚያው ቀን መርካቶ ሄዳ ሸራ ጫማ ገዛች። በሶ አስፈጨች። ለእናቷ ነገረች፤ እናቷም ፈቀዱላት። እኔ ቤት ግን ሽማግሌ የተላከበት ሰሞን ነበር። አክስቴ ጉዳዩን ስትሰማ ቡና አቁማ ተነሣች። «ከወንድ ጋር ጫካ አድራ የመጣች ይሉሻል፤ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የእህቶችሽም ስም አለ» አለችኝ። ሦስት እህቶች ነበሩኝ። ቀረሁ። እኔ ስቀር ጓደኛዬም ቀረች፤ አንዲት ሴት ብቻዋን አትሄድም ተባለ።

መኪናው የወጣ ጠዋት ጓደኛዬ አዲሱን ሸራ ጫማ አድርጋ ቢሮ ገባች። ምንም አልተናገረችኝም። ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ እስከ ምሳ ሰዓት መስመር ስትቧጭር ዋለች። እኔም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ቡድኑ ሲመለስ ስሞቹን ለእኛ ሰጡን። አንድ ጅረት ላይ ሁለት ስም ተጽፎ መጣ። አንዱ ሽማግሌ አንድ ስም ሰጡ፤ ሌላው ሌላ። ማነው ትክክል? ማንም አያውቅም። ጓደኛዬ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ ብሆን ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ነበር የምጠይቀው» አለች። እውነቷን ነበር። በዚያ ወንዝ በየቀኑ የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ካርታው ከሁለቱ በአንዱ ስም ታተመ። ትክክለኛው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዕድሉ አልተመለሰም። ጦርነት ነበር፤ ልጆች መጡ፤ በጀት ጠፋ።

ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው መራመድ የጀመርነው። መነሻችን ዕቁብ ነው። ነርስ አለች፣ አስተማሪ አለች፣ ባንክ የሠራች አለች፣ ጓደኛዬ አለች። ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ጉልበትና ስለ ስኳር ስናወራ፣ ነርሷ ተቆጣች። «ለትልቅ ሰው በሳምንት 150 ደቂቃ እርምጃ ያስፈልገዋል፤ እናንተ ግን አፋችሁ ብቻ ነው የሚራመደው» አለች። መጀመሪያ እንጦጦ ወጣን። ከዚያ ሱባ፣ ከዚያ ደብረ ሊባኖስ። ሚኒባስ በኮንትራት እንይዛለን፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳናጣራ አንወጣም። ፆም ከሆነ ሽሮ ፍርፍር፣ ካልሆነ ጭኮ እንይዛለን። ቡና በፔርሙዝ።

ሱባ ጫካን እዩት። ዘሩ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን መጥቶ ነው የተተከለው ይባላል። ጥዱና ዝግባው ሰማዩን ይከልላል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ከጫካው በላይ ወጨጫ ተራራ አለ፤ 3,385 ሜትር። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ነፋሱ እንዲህ መቅኔ እንደሚያቀዘቅዝ ግን ካርታው አልነገረኝም ነበር።

እዚያ ወጣቶች አገኘን። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተዋል፤ ፎቶ ተነሥተው ወረዱ። ጉሬዛው ከራሳቸው በላይ ነበር፤ አላዩትም። በዚህ አዝናለሁ። ስልክ ዓይናችሁን ወስዶታል፤ መንገድ ለማወቅ ቀና ማለት አያስፈልጋችሁም። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ዕለት ጉም ወርዶ መንገድ ሲጠፋን ወደ መኪናው የመለሰን የነርሷ ስልክ ነው። ቢሆንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ደብረ ሊባኖስ አካባቢ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባል አለ። ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው ይላሉ፤ ስሙ ግን ለፖርቱጋሎች ቀርቷል። በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ገደሉን ወርዶ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ አባይ ይገባል። አፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። እዚያ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ የነደፍኳቸው መስመሮች ምን እንደነበሩ ያኔ ገባኝ። ጓደኛዬ ምርኩዝ ይዛ ነበር፤ ጉልበቷ ከእንግዲህ ቁልቁለት አይፈቅድላትም። ወደ ታች መውረድ አልቻለችም። ጀሪካን ያዘለች ሴት ስታልፍ አስቆመቻት። «እናቴ፣ ይሄ ውሃ ማን ይባላል? ያኛውስ?» ሴትየዋ ጀሪካኑን አውርዳ በጣቷ እያመለከተች አንድ በአንድ ነገረቻት። ከነገረቻት ውስጥ እኔ የነደፍኩት ካርታ ላይ ስም የሌላቸውም ነበሩ። ጓደኛዬ ሁሉንም ጻፈች።

ስለ ጤና፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ትዳር አልመክራችሁም፤ ያንን ሁሉም ሰው ይነግራችኋል። ለዚያች ልጅ ግን ሂጂ ብያታለሁ። ጡረታ ስወጣ አየዋለሁ አትበሉ፤ ጉልበት ቀድሞ ጡረታ ይወጣል። እናቷ መፍራቷ ልክ ነው፤ የዛሬ መንገድ ያስፈራል። ስለዚህ ማን አብሯት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ማን እንደሚደውል ትጠይቅ። መልስ የማይሰጥ አሠሪ ከሆነ ይቅርባት። መልስ ካለ ግን ትሂድ።

ሌላ ሴት አብራት ከተመደበች ደግሞ ሁለቱም ይወቁት፤ የአንዷ መቅረት ሌላዋንም ያስቀራል። ለመቅረት ከመወሰኗ በፊት ያችን ሌላዋን ትጠይቃት። እኔን ማንም እንዲህ ያለኝ አልነበረም።

ስም ስትሰበስቡ ደግሞ ሽማግሌ ብቻ አትጠይቁ። ጠዋት ወደ ውሃው ውረዱ። የሚቀዱትን ሴቶች፣ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ጠይቁ። ያሉትን ሳታሻሽሉ፣ በአነጋገራቸው ጻፉ። ሁለት ስም ከመጣ ሁለቱንም ያዙ።