ሳሊዳ ነው ሰላይዳ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ካንሳስ ሲቲ ነው፣ ትራክ እነዳለሁ። በቀደም ሚዙሪ ውስጥ ወዳለችው ኔቫዳ ከተማ ሎድ (ጭነት) ይዤ ነበር። ደውዬ «ኔቫዳ ልደርስ ነው» ስላት የመጋዘኗ ሠራተኛ ሳቀችብኝ። «ነቬይዳ ለማለት ነው?» አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ቃሉ ስፓኒሽ ነው፣ ልክ የሆንከው አንተ ነህ» ይለኛል። ማንን ልመን?
ሹፌሩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሳቀችብህን እመን። ጓደኛህም አልዋሸህም። ግን እሱ የነገረህ ስፓኒሽ ነው፣ አንተ የሄድከው ሚዙሪ ነው።

እንዳይከፋህ የራሴን ልንገርህ። ኮሎራዶ ስኖር ትንሽ ስፓኒሽ ለቃቅሜ ነበር፣ ያው ልቤም አብጧል። አንድ ቀን ተራሮቹ መሃል ወዳለችው ሳሊዳ ስሄድ መንገድ ተምታታብኝ። ነዳጅ ማደያ ገብቼ «ሳሊዳ በዚህ ነው?» አልኩ፣ «ሊ»ዋን ጎተት አድርጌ። ሰውየው ሦስት ጊዜ «የት?» አለኝ። በመጨረሻ ካርታ ላይ በጣቴ አሳየሁት። «ኦ! ሰላይዳ!» አለ። ሳሊዳ በስፓኒሽ መውጫ ማለት ነው። እኔ መግቢያዋ ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ።

ከዚያች ከተማ ወደ ሰሜን 25 ማይል ያህል ስትነዳ ሌላ ጉደኛ ከተማ ታገኛለህ። ጽሑፉ በስፓኒሽ «ብዌና ቢስታ» ተብሎ የሚነበብ ነው፣ ጥሩ እይታ ማለት ነው። የአገሬው ሰው ግን «ቢዩና ቪስታ» ይላታል። ስሙን ያወጣችው ሴትዮ እንደ «ቢዩቲፉል» እንዲጠራ ፈልጋ ነው ይባላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔ የምለው፣ ስሙ በጆሮ ገባ ወይስ በዓይን የሚለው ነው ዋናው። እ.ኤ.አ. በ1847 አሜሪካና ሜክሲኮ ብዌና ቢስታ የሚባል ቦታ ላይ ተዋጉ። የውጊያው ወሬ በጋዜጣ ተሰራጨ፣ ስሙም በየክፍለ ሀገሩ ለከተማ መጠሪያ ሆነ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤት የሌለው ሰው ስሙን ያነበበው እንደ እንግሊዝኛ ነው። የኦሃዮዋ ሊማም «ላይማ» የሆነችው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። ካሊፎርኒያ ግን ስሙን የሚጠሩት ሰዎች እዚያው ነበሩ። ስለዚህ ሳን ሆዜ እና ላ ሆያ እንደ እንግሊዝኛው «ጆ» ሳይባሉ «ሆ»ን ይዘው ቀሩ።

ይሄ ሕግ ነው ብለህ ደግሞ እንዳትከራከርበት፣ ታፍራለህ። እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሳን ፔድሮን «ሳን ፒድሮ» ይሉታል። ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ ጓዳሉፔ የሚባለው መንገድ «ጓዳሉፕ» ነው። ሬፉኺዮ የምትባለዋን የቴክሳስ ከተማ ነዋሪዎቿ «ረፉሪዮ» ይሏታል። «ር»ዋ ከየት መጣች አትበለኝ።

ሎስ አንጀለስ ራሷስ? በስፓኒሽ «ሎስ አንኸሌስ» ናት። አንድ ትልቅ የከተማዋ ጋዜጣ እንደ ስፓኒሹ ጥሩ እያለ ሲወተውት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1952 ከንቲባው ኮሚቴ አቋቁመው ነገሩ ለእንግሊዝኛው ተፈረደ። የሚገርመኝ እኛ ነን። እንግሊዝኛ የሌለው «ኸ» በእጃችን እያለ «አንጀለስ» ብለን ጻፍን። ሰው ከሌለው ላይ ይኮርጃል?

ግዛቷን ኔቫዳን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጠብ አለ። ከምሥራቅ የሚመጣ ሰው «ቫ»ን አፉን ከፍቶ ይላታል። የግዛቷ ሰዎች አጠር አድርገው ወደ «ቨ» ያስጠጓታል፣ ፊደላችን በደንብ አይዘውም። በምርጫ ሰሞን የሚመጣ ፖለቲከኛ ከተሳሳተ ወዲያው ያርሙታል። የአንተዋ «ነቬይዳ» ከሁለቱም ውጭ ናት።

ጂፒኤሱን አትመን፣ አንዱን እንደ ስፓኒሽ ሌላውን እንደ እንግሊዝኛ ያነባል። ይልቅ ስትደውል ቶሎ አትናገር። ስልኩን ያነሳው ሰው «ይሄ የእገሌ ከተማ መጋዘን ነው» ሲል አዳምጥና እንደሱ በል። ሎድህ ወደ ካንሳሷ ኤል ዶራዶ ከሆነ ግን ስልክም አያስፈልግህ፣ «ኤል ዶሬይዶ» ነው። ከአሁኑ አፍህን አለማምደው።