የሰሜን ሸዋ ሰማይ፦ ስለ ኮከብ ፎቶና ምልከታ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ ሞተር ያለውን ማውንት (ካሜራውን ተሸክሞ ኮከብ እየተከተለ የሚዞረውን) ወደ ሰሜን ኮከብ ማስተካከል አቃተኝ። ሚዛን መጠበቂያ ክብደቱም የትራይፖዱን እግር ይመታል።

መልስ፦ የእኛ አገር ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን 9.7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኮከቡ ከአድማሱ በላይ ያለው 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የማውንቱ ዘንግ ሊጋደም ትንሽ ይቀረዋል፤ ክብደቱ ቁልቁል ይንጠለጠልና ወደ ሰሜን የዞረውን እግር ይገጫል። ትራይፖዱን አዙረህ ሁለቱን እግሮች ወደ ሰሜን፣ አንዱን ወደ ደቡብ አድርግ፤ ክብደቱ በመሃል ያልፋል። የማውንቱ የከፍታ መለኪያ ከ15 ዲግሪ በታች አልወርድ ካለ የሰሜኖቹን እግሮች አሳጥረህ ቀሪውን 5 ዲግሪ በማዘንበል ታገኛለህ። ያን ጊዜ የደቡቡ እግር ላይ ድንጋይ የሞላ ከረጢት እሰር፤ አለዚያ ወደ ፊት ይደፋል።

መሐል ሜዳ፦ የትኛው ካሜራ ይሻላል?

መልስ፦ በጀትህንና ምን ልታነሳ እንዳሰብክ ሳትጽፍ አይመለስም።

ጣርማ በር፦ ፍኖተ ሐሊብን መቼ ላንሳ? ሌንሴ 18 ሚሊሜትር ነው።

መልስ፦ ጨረቃ በሌለችበት የጥቅምት ምሽት፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማዕከሉ በደቡብ ምዕራብ ነው። በመጋቢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይገኛል፤ የበልግ ደመና ካልከለከለሽ። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ 10 ሰከንድ፣ ሮው ፋይል (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል)፣ በኋላ የሚደራረብ 60 ፎቶ፤ ከዚያ ሌንሱን ከድነሽ በዚያው ቅዝቃዜ 20 ጨለማ ፎቶ፣ የካሜራውን የራሱን ነጠብጣብ ለመቀነስ። ጉም ከቆላው ሲወጣ ሌንሱ ይታፈናል፤ ማሞቂያ ቀበቶ እሰሪበት። መለዋወጫ ባትሪውን ከጋቢሽ ሥር አኑሪው፤ በውርጭ ቶሎ ይደክማል።

አንኮበር፦ ቀን ያነሳሁትን ቤተ ክርስቲያን ከሌሊቱ ሰማይ ጋር ባዋህደውስ?

መንዝ፦ ያ ውሸት ነው!

አንኮበር፦ ሥዕልስ ውሸት ነው?

መንዝ፦ ሥዕል «ፎቶ ነኝ» አይልም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ማዋሃድ ይቻላል፤ ግን ከሥሩ «ከሁለት ፎቶ የተዋሃደ» ብለህ ጻፍ። ሕዝብ የሚያስተምር ሰው ይህን ከደበቀ፣ ነገ እውነተኛውን ሲያሳይም አይታመንም።

ደብረ ሲና፦ ፎቶዬ ለምርምር ይጠቅማል?

መልስ፦ ሰዓቱ ከተመዘገበ ይጠቅማል። ሰዓት የሌለው ፎቶ ጌጥ ነው፤ ሰዓት ያለው መለኪያ ነው፤ ስታስተምርም ማስረጃህ ነው። መዝገቡ በዓለም አቀፍ ሰዓት ይሁን፦ የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት በዚያ 18፡00 ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 23፡00። ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ለመጀመር ተለዋዋጭ ኮከቦችን (ብሩህነታቸው የሚቀያየረውን) ያዝ። ቲ ኮሮናይ ቦሪያሊስ የተባለው ኮከብ በ1866 እና በ1946 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ከ10ኛ ወደ 2ኛና 3ኛ ብሩህነት ደርሶ ነበር (ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል)። ፎከሱን ትንሽ አደብዝዝ፤ የኮከቡ ብርሃን በብዙ ፒክሰል ይሰራጫል፣ መሃሉም ነጭ ሆኖ አይቃጠልም። ብሩህነቱ ከታወቀ ጎረቤት ኮከብ ጋር በዚያው ፎቶ ላይ አወዳድር። ሮው ፋይሉን አትሰርዝ።

ሸዋ ሮቢት፦ የ2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በስልክ ይነሳል?

መልስ፦ ሐምሌ 26 ነው፤ እኛ ጋ ከፊል ብቻ፣ እሱም ክረምት ላይ። ያለ ፀሐይ ማጣሪያ በፍጹም! ማጣሪያው ከሌንሱ ፊት ይገጠማል።

ደብረ ብርሃን፦ በራጅ ፊልም ማየትስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጥቁር መነጽርም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወትም አይሆንም። አይኤስኦ 12312-2 (የፀሐይ መመልከቻ መነጽር የጥራት ደረጃ) የተጻፈበት መነጽር ብቻ፤ እሱም ከተጫረ ይጣላል።

መሐል ሜዳ፦ ካሜራውስ?

መልስ፦ በጀትህን ጻፍ።