«አደፍርስ» ለምን ያደክማል?

ወዳጄ፣ የዳኛቸው ወርቁን «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» በጣም ወደኸው «አደፍርስ»ን ስትጀምር ግማሹ ላይ ግራ ገባህ። «ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ?» ብለሃል። ቅር ቢልህ አልፈርድብህም።

የእንግሊዝኛው ልብ ወለድ አንድ መንገድ አለው። የታመሙት ፊታውራሪ ወደ ዝቋላ ይወሰዳሉ፤ አንባቢም ተከትሏቸው ይወጣል። በ1962 የወጣው «አደፍርስ» ግን የበኩር ልብ ወለዱ ነው፤ እንዲህ ያለ የሚያዝ ክር አይሰጥህም። የተማረው ወጣት አደፍርስ ገጠር ገብቶ ከሁሉም ጋር ይከራከራል። ሃይማኖቱ፣ መሬቱ፣ ትምህርቱ፣ ፍቅሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። ንግግሩ እየተቆራረጠ ማን ምን እንዳለ ይጠፋሃል። እንደኔ ዳኛቸው የሚያውቀውን ሁሉ በአንዴ ሊሰጠን ፈልጓል፤ መሐሉ ላይ በእውነት ይከብዳል።

ግን እንዳትተወው! የሸዋን ባላባት ሴት አንደበት ዳኛቸው በመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ በወይዘሮ አሰጋሽ እንዳደረገው አድርጎ የጻፈልን ሌላ ደራሲ እኔ አላነበብኩም። ቁጣዋ፣ ምርቃቷ፣ ሽሙጧ ሁሉ ጆሮ ላይ ይቀራል። ጎርፉ የሚባለው ገጸ ባሕርይና አደፍርስ የሚነጋገሩበትም ቦታ ደስ ይላል።

ስለዚህ ታሪኩን አታሳድደው። የገጸ ባሕርያቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፍና አጠገብህ አስቀምጥ። ምልልሱን ድምፅህን አውጥተህ አንብበው፤ ያኔ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይለይልሃል። ረጃጅሞቹን የመልክዓ ምድር ገለጻዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ብትዘላቸው ምንም አይደል። ካልሆነልህ ደግሞ ወይዘሮ አሰጋሽ ያሉባቸውን ክፍሎች ብቻ ለቃቅመህ አንብብና እንዴት እንዳገኘሃቸው ንገረኝ።