ኳስ የመሰለው ጎማ እና የሊማሊሞው ኡራል

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ ነው የምሰራው። ረዳቴ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ፣ መኪናው አራት ኳስ ላይ ቆሟል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጎማው ራሱን ይለውጣል ይላል። እኔ ውሸት ነው አልኩት፣ እሱ ከሁለት አመት በኋላ ጎንደርም ይገባል ብሎ ምሳ አስያዘኝ። ማን ይክፈል? ሌላው ደግሞ መተማ ኮንትራት ሳገኝ አይከልን አልፌ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጎማው እንዳይፈነዳ ንፋስ እቀንሳለሁ፣ ልክ ነኝ ወይ?
(ሹፌሩ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ምሳውን እሱ ይክፈል፣ ቡናውን ግን አንተ ጋብዘው፣ ቪዲዮው ከባዶ የተፈጠረ አይደለማ። የጎማ አምራቹ ጉድይር በፈረንጆቹ 2016 ጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ኢግል 360 ብሎ ያቀረበው ነገር ነው የሚመስለኝ። ድቡልቡል ነው፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ብረት የለውም፣ በማግኔት ተንሳፍፎ መኪናውን ይሸከማል ነው ሀሳቡ፣ ወደ ጎንም ስለሚንከባለል ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም መሪ እያዞርክ አትታገልም። ጥርሱ ስር ስፖንጅ የመሰለ ነገር ስላለው ውሃውን ይመጥና ሲሽከረከር ይተፋዋል። ግን ለትርኢት የታሰበ ነው እንጂ ገበያ የወጣ እቃ አይደለም፣ እና እኔን ከጠየቅከኝ ማግኔቱን ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ሳላየው አላምንም።

ይልቅ እንደመንገዱ የሚለወጥ ጎማ ሲባል ሚስጥሩ ቅርጹ ላይ ሳይሆን ንፋሱ ላይ ነው። ንፋስ ስትቀንስ ጎማው ይዘረጋል፣ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፣ አሸዋና ጭቃ ላይ አሪፍ ነው። አስፋልት ላይ ግን ያው ጎማ ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ አምራቾቹ የሚደክሙት ሹፌሩ ሳይወርድ ንፋሱን እንዴት እንለውጥ ብለው ነው። ጉድይር በ2015 ትሪፕል ቲዩብ ብሎ ያሳየው ውስጡ ሶስት የንፋስ ክፍል ነበረው፣ ዝናብ ሲሆን የመሀሉ ይነፋና ጎማው መሀል ላይ ከፍ ይላል፣ ውሃ ላይ እንዳይንሳፈፍ። ኮንቲኔንታል ደግሞ በ2017 ፍራንክፈርት ላይ ኮንቲአዳፕት የሚባል አመጣ፣ ትናንሽ ኮምፕረሰሮች እዛው ጎማው ላይ ሆነው ንፋሱን ይጨምራሉ ይቀንሳሉ፣ ቸርኬውም ይሰፋል ይጠባል።

አሁን የድሮ ወታደር ሹፌር ይሄን ቢሰማ ይስቃል። ኡራልን አታውቀውም? የራሺያው የጦር መኪና፣ ሹፌሩ ጋቢና ቁጭ ብሎ የጎማውን ንፋስ የሚቀንስበትና የሚሞላበት መሳሪያ አለው፣ ጭቃ ሲገባ ይቀንሳል፣ ሲወጣ ይሞላል፣ በቃ። እንደዛ አይነት መኪና ጭኖ ሊማሊሞን የወረደ አንድ ጎረቤት ነበረኝ፣ ስለጎማው ሲያወራ ስለ በቅሎው የሚያወራ ነው የሚመስልህ። ከዛም በፊት አሜሪካኖቹ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ዳክ የሚሉት ውሃ ላይ የሚሄድ ካሚዮን ላይ ይሄንኑ ዘዴ ገጥመው ነበር፣ የባህር ዳርቻ አሸዋ እንዳይውጠው። እና ረዳትህን አዲስ ነገር አይደለም በለው፣ አዲሱ ነገር ለቤት መኪና እናድርገው ማለታቸው ነው።

የመተማው ጉዳይ ላይ ግን እቆጣሃለሁ። የጋለ ጎማ ንፋስ አይቀነስም! ስትቀንስለት ጎኑ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይበልጥ ይግላል፣ የሚፈነዳውም ያኔ ነው፣ ጭነት ካለህማ ተወው። ደግሞ ከጎንደር መተማ ወደ 1,500 ሜትር ስለምትወርድ የውጪው አየር ይከብዳልና ጌጁ (የንፋስ መለኪያው) በዚህ ብቻ 2 ፒኤስአይ ግድም ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱ ደግሞ በየ10 ዲግሪው ያንኑ ያህል ያስጨምራል፣ ስለዚህ ብዙው እርስ በርሱ ይካካሳል። ጠዋት ጎማው ሳይግል፣ በሩ ጋ የተለጠፈው ጽሁፍ ላይ ያለውን ያህል አስሞላ፣ ከዛ አትንካው። ጎሚስታው በእግሩ መታ አድርጎ "ጥሩ ነው" ሲልህ አትመነው፣ ጌጅ በል። ስኮርታውንም አሳየው፣ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ሚስማር አስመርሮኛል፣ ንፋስ የሌለው ጎማ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?
(ከማራኪ)

መልስ፦ አለ። ሚሽሊን በፈረንጆቹ 2019 ከጄነራል ሞተርስ ጋር ሆኖ አፕቲስ የሚባል አሳይቷል፣ በንፋስ ፋንታ የሚለጠጡ ቀጫጭን ድጋፎች ናቸው የሚሸከሙት፣ በ2023 ሲንጋፖር ውስጥ የዲኤችኤል እቃ ማድረሻ ቫኖች ላይ ገጥመው ሞክረውታል። ሚስማር ምንም አያደርገውም። እኔን የሚያሰጋኝ ጎኑ ክፍት መሆኑ ነው፣ ሀምሌ ላይ ጭቃውና ጠጠሩ ድጋፎቹ መሀል ሲጠቀጠቅ ማን ያወጣዋል? ለባጃጅ ተሰርቶ እስኪመጣ ግን መለጠፊያህን አትጣል፣ ጥርሱ ያለቀውን የኋላ ጎማ ደግሞ ቀይረው፣ ሚስማር በላጣ ጎማ ቶሎ ያልፋል።